ሦስት ጠቅታ በጥቁር ውሃ ዳር

ከባጃጅ ወረድኩኝ፣ ጎህ ሳይቀድ ቀድሜ፣
ካሜራ አንግቼ፣ ትሪፖድ ተሸክሜ።
የፋብሪካው መብራት ሌሊቱን አንግቶ፣
ታንኳው ቄጤማ ውስጥ ጥቅልል ብሎ ተኝቶ፣
የድሮው ብረት ቧንቧ ከደለሉ ወጥቶ፣
እንደ ጉማሬ አፍንጫ ሐይቁን አሽትቶ።

አንድ ጠቅ። ለሰማዩ። ደመናው ተረፈ፣
ምድሩ ግን በሙሉ ጥላሸት ታቀፈ።
ሁለት ጠቅ። ለመሐሉ፤ ለቆርቆሮው ጣሪያ፣
ለዓሣው ሚዛን፣ ለጀልባው ማሰሪያ።
ሦስት ጠቅ። ለጥላው፤ ከመጋዘኑ ሥር
ለተጣለው መረብ፣ ለተበጠሰው ክር።

ሦስቱን አንድ አደረግሁ፣ ኤችዲአር እንዲሉ፣
ብርሃንም ጨለማም እኩል እንዲበሉ።
ዝገቱ ተቆጠረ፣ ቅንጣት በቅንጣቱ፣
የቄጤማው ፀጉር፣ የጡቡ ስንጥቃቱ።
«ይኸው!» አልኩ። ጉድ አልኩ። ራሴን አደነቅሁ።
ጋሽ ሌዳሞ ፊት ግን ስቆም ተሳቀቅሁ።

ጋሽ ሌዳሞ ማለት፣ ፒያሳ ጀርባ ላይ
አርባ ዓመት ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ የኖረ፣
ፏፏቴ ከተሣለ መጋረጃው ፊት
ስንቱን ሙሽራ ያቆመ፣ ስንቱን ያስተካከለ፣
«አገጭ ቀና!» እያለ።

መነጽሩን ገፋ። ፎቶውን አየና፣
«ሁሉም አለ» አለኝ፣ ዝም ብሎ ቆየና።
«ሁሉም አለ፣ ልጄ። ዓይኔ ግን የት ይረፍ?
ሠርግ ቤት ገብቶ ወንበር እንዳጣ ሰው
ድግሱ መሐል ላይ ቀረሁ ተገትሬ።
ብርሃን ማመጣጠን ማሽንህ ያውቅበታል፤
ወንበር መሳብ ያንተ ነው።
ጣትህን ተውና እግርህን አሠራው።»

በነጋታው ሄድኩ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጭቃ።
ትሪፖዱን እስከ ጉልበቴ ዝቅ አደረግሁት፤
ተንበረከክሁ፤ ሱሪዬ ረጠበ።
ትናንት ምስሉን ለሁለት የከፈለው የሐይቁ ጠርዝ
ወደ ላይ ሸሸ፤ ለውሃው ቦታ ለቀቀ።
ትናንት ዕቃ ብቻ የነበረው ቧንቧ
ዛሬ መንገድ ሆነ፤ የዓይንን እጅ ይዞ
ከእግሬ ሥር ተነስቶ መጋዘኑ በር ያደርሳል።
አባ ኮዳው ከጭስ ማውጫው ጋራ ተጣብቆ
ጭሱ ከመላጣው የሚወጣ ይመስል ነበር፤
ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ ተላቀቁ፤
ያም ወፍ ሆነ፣ ያም ጭስ ማውጫ።
ከመጋዘኑ ሥር ያለውን ጥላ አልነካሁትም።
ይጨልም። ለሌላው መደገፊያ ይሁን።

አንድ ጠቅ። ሁለት ጠቅ። ሦስት ጠቅ።

ማታ ሦስቱን ሳጋባ፣ ቧንቧው ጫፍ ላይ ሴት አገኘሁ።
ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ፣ በጠቅታዎቹ መሐል
ሦስት ቦታ ረግጣለች፤
ሦስቴ ሳስታ፣ ሦስቴ እንደ ሻሽ ቀጥና፣
ግድግዳው በገላዋ ውስጥ እስኪታይ።
ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ፦ «የተንቀሳቀሰውን ላጥፋ?»
አዎ አልኩት።
አጠፋት።
ቧንቧው ሄዶ ሄዶ
ማንም ጋ ሳይደርስ ቀረ።
ጥርስ የወለቀበት ላይ ምላስ እንደሚመላለስ
ዓይኔ እዚያ ባዶ ላይ ተመላለሰ።
መለስኳት።

ጋሽ ሌዳሞ ምንም አላለም። ሚስማር ፈለገና
ፎቶውን ከሙሽሮቹ ጎን ሰቀለው።

በሳምንቱ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የመጣች ልጅ፣
ዳሪሜ፣ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፊ፣
ተራ ስትጠብቅ ግድግዳው ፊት ቆመች።
ቦርሳዋን አየች። ሻርፗን አየች።
«እኔ ነኝ» አለች።
ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣
«ልክ ነው» አለች፣ «ከፈረቃ ስወጣ
ቤቴ እስክደርስ አንድ አልሆንም።»
ከዚያ ጠጋ ብላ መስታወቱን በጣቷ ነካች፦
«ጫማዬን ግን ቧንቧው ጋረደው።
አዲስ ነበር።»

ጋሽ ሌዳሞ መጋረጃው ውስጥ ሆኖ ሳቀ።
እኔ ማስታወሻዬን አወጣሁ፣ ጻፍኩ፦
ነገ ትሪፖዱን አንድ ስንዝር ከፍ።