አራተኛው እግር

እሜቴ የውብዳር ቤት፣ ሞጣ፣ ገበያው ዳር፣
አንድ ትልቅ ብፌ ግድግዳ ይዞ ነበር።
ጥቁር ነው፤ ከባድ ነው፤ አራት ሰው አይነሣው፤
ራስጌው የወይን ዘለላ፣ ከግርጌ መዳፉን የዘረጋ አንበሳው፤
ጉልላቱ ቀና ያለ፣ ደረቱ ሰፊ፣
በሩ ላይ ሁለት ጦረኛ፣ ግን የለም ተሸናፊ።

እንጨቱን ማንም አያውቅ። ዋንዛ ነው ቢሉት አይደል፤
ጽድ ጽድ አይሸትም፤ ወይራም እንዲህ አይከፈል።
መሪጌታ ልሳነወርቅ ቀርበው ቧጠጡና በጥፍር፣
«ኮምበል ነው» አሉ፤ «ነቢዩ አሞጽ ያለው፤ የማይሰበር።»

እግሩ ግን ተሰብሮ ነበር።

አንዱ መዳፍ የለም፤ ሸክሙ በድንጋይ ላይ አድሮ፣
አባቴ ሽባባው ተጠራ፣ መጋዝና መሮ
በስልቻ ይዞ።
እኔ ፋኖስ ያዥ ነበርኩ። ከጎኑ ቀርበን ስናይ፣
የነቀዝ ቀዳዳ ሞልቷል፣ ከበሩ በታችና በላይ።
አባቴ የስንደዶ ጫፍ በአንዱ ቀዳዳ ሰደደ፤
ገብቶ ቆመ። ሌላውን ሞከረ፤ ገብቶ ቆመ፤ አልሄደ።
«ነቀዝ» አለኝ፣ «እንደ ሰካራም ነው፤ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም፤
ይሄን የወጋው ሰው ነው፤ በወስፌ፤ ነቀዝ አይደለም።»

ዝም አልን። ስሙን የማናውቀው አንድ የሩቅ አገር አዋቂ፣
ከመወለዱ በፊት ላለፈ ዘመን ናፋቂ፣
አዲስ እንጨት ገዝቶ ሽበት ሲቀባው ዋለ፤
አያቱ የሠራው እንዲመስል፣ ወስፌ እያሾለ።
«ለእሜቴ እንንገራቸው?» አልኩ። አባቴ መሮውን ሳለ።
«ሽበት ይሰደባል?» አለ።

ዋንዛ ቆረጠ፤ ከግቢያቸው፣ ነፋስ ከጣለው ግንድ።
አንበሳ አይቶ አያውቅም፤ የጎረቤት ድመት አየ፣ ለአንድ
ሳምንት፤ ጥፍሯን ስትስል፣ ስትተኛ፣ ስትዘረጋ፤
መዳፉ አለቀ አንድ ቀን፣ ማለዳ፣ ሳይነጋ።
በኑግ ዘይትና በጥላሸት አሸው፤ ከሦስቱ ጋር እኩል ቆመ፤
ድንጋዩ ሥራ ፈትቶ ከደጅ ተጋደመ።

ዘንድሮ እሜቴ የሉም፤ አባቴም የለ። ልጆቹ
ሊሸጡት ሆነ፤ ከባሕር ዳር መጡ ገዢዎቹ።
አንዱ፣ መነጽር ያጠለቀው፣ ተንበርክኮ ሲመረምር፣
ሦስቱን ዘለለና እጁን አሳረፈ ከአራተኛው እግር።
«ሌላው ተጠግኗል» አለ፣ «ይሄ ግን የጥንቱ ነው፣ ዋናው፤
ጥፍሩን እዩ! የቀረጸው ሰው አንበሳ አይቶ ነው ያጠናው።»

በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ድመቷ ትዝ ብላኝ ሳቄ መጣ፤
ዋጥኩት። ብፌው በስድስት ሰው ትከሻ፣ ጎንበስ ብሎ ሲወጣ፣
ደጅ ያለው ያ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።
እሱንስ ስንት ነው ያለኝ የለም።