አለ

መብራት ከጠፋ ሦስት ቀን ሞላው፤
ጉም ከጦሳ ወርዶ ሆጤን በላው።
ከባጃጄ ወርጄ ጫማዬን ሳልፈታ
ረምላ ቀደመችኝ ጥያቄ አንግታ፦
«አባ፣ ጉም ሲሸፍነው ጦሳ የት ይሄዳል?»
«የትም አይሄድ» ብላት፣ «ማን አይቶት ያውቃል?»
አንዋር፣ ስድስት ዓመቱ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ፣
«ሽንቱን ሊሸና ነው፣ ይመለሳል» አለ።

እንዲህ ነው ትምህርታችን። ሰሌዳ የለውም፣
ደወልም የለውም፣
አስተማሪው ራሱ መልሱን አያውቀውም።

አምና በክረምቱ፣ ከፒያሳ ማዶ፣
አንድ መጽሐፍ ቀረ ከወንበር ሥር ወርዶ።
ደራሲው ማን ይሁን? ሽፋኑ ተቀዷል፤
«ፍልስፍና» የሚል አንድ ቃል ተርፏል።
ባለቤቱን ጠበቅሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ፤
ተራ አስከባሪዎች «ቁርስ ጠቅልልበት» አሉ።
ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝን ደግሞ
አንዋር ያፈርሰዋል አልጋው ላይ ቆሞ።

ባለፈው ቅዳሜ «ፍትሕ ምንድን ነው?» ብዬ
ብርቱካን አቀረብሁ ለሦስት ከፍዬ፤
«የከፈለ አይምረጥ» አሉኝ ተባብረው፣
ልጣጩን ለኔ ተዉት፣ ፍሬውን ተካፍለው።

ዛሬ የኔ ተራ ነው፦
«ሞተሩ ተቀየረ፣ ጎማዎቹም ሦስቱ፣
ሸራው፣ ወንበሩና የጎን መስተዋቱ፤
ታዲያ ይህ ባጃጅ ያ የድሮው ነው ወይ?»
ረምላ አሰበች፣ ቀና ብላ ወደ ላይ፦
«ትራፊክ የሚያየው ሰሌዳውን አይደል ወይ?»
ዘምዘም ከጓዳ ሆና፣ ሽንኩርት እየላጠች፣
«እዳው ግን ያው ነው፣ አልተቀየረም» አለች።

ይኼ በየትኛውም ገጽ አልተጻፈም።

በሩ ተንኳኳ።
ኮቴውን አውቀዋለሁ፣ ከዘራውንም፤
ጋሽ አራጌ ነው። የሁለት ወር ኪራይ።
ሻማዋን እፍ ብዬ ተለጠፍሁ ግድግዳ፣
በገዛ ቤቴ ውስጥ ያልተጠራ እንግዳ፤
«አባ የለም በለው» አልሁት በሹክሹክታ።
ልጄም በር ከፈተ በትልቅ እርጋታ፦
«አባ ‹የለሁም› አለ።»

ጋሽ አራጌ ቆየ። ሳቀ ይሁን ሳለ
በጨለማ አልለየሁም። ብቻ እንዲህ አለ፦
«እንግዲህ ሲኖር ንገረው።»

ከዘራው እስኪርቅ ማንም አልተነፈሰም።
«አባ» አለች ረምላ፣
«‹የለሁም› ያለው፣ ማን ነው ያለው?»

ሻማዋን ለኮስሁ። ደብተሯን ዘረጋች፣
አንድ ቃል ሁለቴ ጎን ለጎን ጻፈች፦
አለ    አለ
አንዱን አላልታ፣ አንዱን አጥብቃ አነበበችልኝ።
የተናገረውም፣ የሚኖረውም
አንድ ልብስ ለብሰው ወረቀቱ ላይ ቆመዋል፤
የሚለያቸው የአንባቢው ምላስ ነው።
ይኼን ሁሉ ገጽ ስገልጥ ከርሜ
መልሱን ያገኘሁት ተደብቄ ቆሜ።
ሳቅሁ። ከዚያ አፈርሁ።
ስለ ውሸትማ ለሐሙስ ነበር ያሰናዳሁት።

ሲነጋ ጉሙ አልተነሳም።
የፊት መብራት አብርቼ፣ ሁለቱን ከኋላ ጭኜ
ጋሽ አራጌ በር ላይ ቆምሁ።
«አለሁ» አልሁት።
«ብሩስ?»
«ግማሹ አለ።»
ቆጠረው። ልጆቹን አየ። ደግሞ ቆጠረው።
«ሌላውስ?» አለ (እዚህ ላይ ላልቶ ይነበብ)፤
መልስ ሳይጠብቅ በሩን ዘጋ።

ቧንቧ ውሃ ስንደርስ ጦሳ ብቅ አለ፣
ከወገቡ በላይ፣ እግር የሌለው፣ አየር ላይ የተንጠለጠለ።
አንዋር ጮኸ፦ «ጨርሶ መጣ!»
ረምላ ግን ዝም ብላ ቆየች፤ ከዚያ፦
«ግማሽ ተራራ፣ ተራራ ነው ወይ?»

ልመልስላት ስል አንዲት ሴት፣ ዘንቢል የያዘች፣
«ሰኞ ገበያ!» ብላ እጇን ዘረጋች።
«ጠጋ በሉ» አልኋቸው።