ስድስተኛው መርፌ

ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ሴገድ ጉም ለብሳለች፣
ቲሳ ከድልድይ ሥር ድምጿን አጥፍታለች።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ ግን ማሞቂያው ይንጣጣል፣
በስምንት ማይክሮስኮፕ ስምንት ራስ ተደፍቷል።

እኔ ባደግሁበት አልቅት ጠላት ነበር፣
ከበቅሎ ጉሮሮ ተጣብቆ የሚኖር።
እዚህ ግን መምህር ነው፤ ረዳቱ እኔ ነኝ፣
የማላውቀውን ሁሉ እሱ ነው የሚነግረኝ።
ከሆዱ የወጣች፣ ከጤፍ ያነሰች ቋጠሮ፣
የነርቭ ሴል ሞልቶባት እንደ ቀፎ ተሰድሮ፤
ከዚያ ሁሉ መሀል አንዱን ብቻ መርጦ
ሳይገድሉ መግባት ነው፣ ትንፋሽን ውጦ።

ቦግላርካ እስካሁን አምስት መርፌ ሰብራለች፤
አንዱን በሰሃኑ ጠርዝ፣ አንዱን ስታስነጥስ፣
ሦስቱን ምን እንደነካቸው እሷም አላወቀች።
በደብተሯ ዳር ላይ፣ እንደ እስረኛ ቀን ቆጠራ፣ አምስት ጭረት አሥምራለች።
እናቷ ጥልፍ ታውቃለች፤ «እጅ ግን አይወረስም» ትለኛለች።

ሌቨንቴ ግን ጨርሷል። ሠንጠረዡ ሙሉ ነው፣
ከአንድ እስከ ሃያ ሴል፣ ቁጥሩ ሲያዩት ውብ ነው፤
ሃምሳ፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ፣ እንደ ወታደር ሰልፍ፣
አንድ እንኳ የለበትም ከመስመር የሚያልፍ።

አልተቆጣሁም። ድምፅ ማጉያውን ከፈትሁና
«እስኪ አሰማኝ» አልሁት።
እምምምም... አለ ክፍሉ።
ሴል አይደለም፤ የጠረጴዛው መብራት ነው፣
በሃምሳ ሄርዝ የሚያጉረመርመው።
እዚያም ሃምሳ፣ እዚህም ሃምሳ።
ጆሮው ቀላ። ላጲስ ፈለገ። «አታጥፋው» አልሁት፣
«አንድ መስመር ሳብበትና ከጎኑ ጻፍ፦ ያላየሁት።»

መብራቱን ነቀልን፣ የመሬት ሽቦ አሰርን። ጸጥታ።
ያኔ ነው ከወዲያ ጥግ፣ በስድስተኛው መርፌ፣
ጠብ፣
ጠብ... ጠብ ጠብ፣
ቆርቆሮ ላይ ወርዶ እንደሚያመነታ ዝናብ።

ሰባት ራስ ቀና አለ። ቦግላርካ ቀና አላለችም፣
ከንፈሯን ነክሳለች፤ እንኳን ልትናገር አልተነፈሰችም።
አርባ ሰከንድ። ከዚያ ወይ መርፌው ሸሸ፣ ወይ ሴሉ ሞተ።
«መዝግቢ» አልኋት።
«ምን ብዬ?»
«አርባ ሰከንድ ብለሽ። ከዚያ፦ አላውቅም።»
አየችኝ፤ መምህር እንዲህ ይላል ወይ እንደማለት።

ሲመሽ ሁሉም ካፖርቱን ደረበ፤ ሌቨንቴ ግን ቀረ፣
አዲስ መርፌ አነሳ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ሰበረ።
ደብተሩን ገለጠ፣
«አንድ» ብሎ ጻፈ።