አምፖል የሚጽፈው

ፓሚር ተራራ ሥር፣ በጥር እኩሌታ፣
ውሃው ቆዳ ሲያበጅ፣ ሲጠነክር ማታ፣
ሾድሞን ዶማ ይዞ፣ ካፖርት ደራርቦ
ይወጣል ወደ ቦይ፣ እንቅልፉን አስርቦ።

ከቱቦው አፍ ላይ፣ ብረት ወንፊት አለ፤
በረዶ ከዘጋው፣ ተርባይኑ ዛለ፤
ተርባይኑ ከዛለ፣ አርባ ቤት ጨለመ።
አርባ ቤት ቢተኛ፣ አንድ ሰው ግን ቆመ።

ሳቭሳንም አትተኛም።
አምፖሉ ሥር ሆና፣ ካልሲ ትጠቅማለች፣
ጣራ ጣራ እያየች፣ ባሏን ታነባለች።
ደብዘዝ ሲል፦ ግግሩ፣ መጣበት ከላይ፤
ቀይ ክር ብቻ ሲቀር፦ መርፌዋ ቆመች፣ እዚያው ጨርቁ ላይ፤
ቦግ ሲል፦ ሰበረው።
መርፌዋ ትሄዳለች።

ሃያ ሁለት ዓመት፣
አንድ ደብዳቤ እንኳን፣ ሾድሞን አልላከላት፤
አምፖል ነው በየሌቱ፣ የሚጽፍላት።

ዘንድሮ ግን ሳል ያዘው።
ደረቱም ተዘጋ፣ እንደዚያው ወንፊት፤
ምድጃ ሥር ዋለ፣ አደረ ሌሊት።
እሷ ናት የሄደች፣ ዶማውን አንሥታ፣
የሱን ሰፊ ቦቲ፣ በካልሲ ሞልታ።

እሱም ተጋድሞ
አምፖሉን ማንበብ ጀመረ።
አያውቅበትም!
ደብዘዝ ባለ ቁጥር፣ ይነሣል፣ ይወድቃል፤
ስሟን ሊጠራ ሲል፣ ሳሉ ጉሮሮውን ያንቃል።
ቀይ ክር ሆነ።
ቆየ።
ብዙ ቆየ።

ኋላ ቦግ አለ፣ ዓይን እስኪያጥበረብር፤
ጎረቤት አላወቀም፣ ማን እንደሚሰብር።

ሾድሞን ግን ሳቀ፣
እንባው ጢሙ ውስጥ እየገባ፦
«ቀስ በይ እንጂ፣ አንቺ ሴት፣» አለው አምፖሉን፣
«የዶማው እጀታ ላልቷል።»