ጀርባው

አረቡ ጠጋኙ፣ ፒያሳ ጥግ ያለው፣ ጎንበስ አለና ድንገት
የጫማ ካርቶን ጎተተልኝ፣ ሞልቶት የዱሮ ካሴት።
«ውሰጂው፤ ቦታ ነው የያዘብኝ፤
ሂሳቡ ይደርሳል» አለኝ።

ስምንት ነጠላ ዜማ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ፣
ግማሹ ፊደል ከሽፋኑ የረገፈ፦
ቁልቁለት ባንድ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ
ለጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ይጫወቱ ነበር፤ ስሙ የመጣው በዚህ ብቻ።
ዳገቱንማ እሑድ ሌሊት፣ በጭነት መኪና ላይ፣
ጊታር አቅፈው ተኝተው ነው የሚወጡት፣ አንዱም መንገዱን ሳያይ።

ፊቱንማ ማን ያጣዋል? «ቧንቧ ውሃ ቆመሽ»
ሠርግ ቤት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የትም ብትሄጂ ይከተልሽ
ነበር። እኔም ሰለቸኝና፣ እንደ ትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ
አጥፌ ተውኩት፤ ልለካው እንኳ አላሰብኩም ደግሜ።
ጀርባውን ግን አላውቀውም። የዚያን ጊዜ ማን ይገለብጣል?
የፊቱ እንዳለቀ ጣት ወደ ኋላ ማጠንጠኛው ይሮጣል።

ማታ፣ ጦሳ ጭጋጉን ጣሪያችን ላይ ሲያወርድ፣
መብራት እስኪመጣ ጠበቅሁ። ገለበጥኩት። አንድ
ሰው ሳለ። ከዚያ የይመር ጊታር፣ በባቲ የተቃኘ፤
አንዷ ክር ረገብ ብላለች፤ የሚያጠብቃት አልተገኘ።
ሽኩር ከበሮው ላይ ይስታል፤ አንዱ ይስቃል፤
ከደጅ የጭነት መኪና ማርሽ ይቀይራል፤
አያቆሙም።
የፊቱ ዜማ የተተኮሰ ነበር፣ ለገበያ የለበሱት፤
ይኼኛው ቤት ውስጥ የሚውሉበት ነው፣ ክርኑ ላይ የጣፉት።

አራተኛው ጀርባ ርዕስ የለውም። ሰረዝ ብቻ።
ይመር ራሱ ይዘፍናል፣ ድምፁ ለዘፈን ባይመች፣
ስለ አንዲት ልጅ፣ በመናፈሻ በኩል ስላለፈች፣
ጃንጥላዋ አረንጓዴ።
ልቤ ዘለለች፤ የኔም አረንጓዴ ነበር።
ግን ደሴ ነው፤ ክረምት ነው፤ ጃንጥላ ያልያዘ ማን ነበር?
አረንጓዴው ደግሞ ያን ዓመት ዋጋው ተሰብሮ
ሰኞ ገበያ ይሸጥ ነበር፣ እንደ ጎመን ተከምሮ።

ይመር ኮምቦልቻ ጎማ ይሸጣል አሉኝ።
ሚኒባስ ብይዝ አርባ ደቂቃ ነው። አልያዝኩም።

ክሩ ሲጠላለፍብኝ በእርሳስ ቀስ ብዬ አጠነጠንኩ፤
መለስኩት፣ መጀመሪያው ድረስ።
ሰውዬው ሳለ። እኔም ሳልኩ።