ሦስተኛዋ ዘር

ቁልቋል ስላችሁ ሽቅብ አትመልከቱ፣
የዚች ዘመዶች ናቸው የሚረዝሙቱ።
እሷ ጡጫ ታህላለች፣ ደረቅ መሬት ላይ፣
ከድንጋይ መካከል፣ ድንጋይ መሳይ።
ስምንት ሸንተረር፣ ከአናቷ እስከ ሥር፣
በየመሃሉ ጥለት፣ ወይን ጠጅና አመዳማ መስመር፣
ሸማኔው ማን እንደሆነ የማይናገር።

ካሩ ነው አገሯ፣ ደቡብ አፍሪካ፣
ዝናብ እንደ መድኃኒት በጠብታ የሚለካ።
የነፋስ ፓምፑ ሲያቃስት ውሎ
ግማሽ ባልዲ ያወጣል፣ እሱንም አጉድሎ።

አፖሊስ አጥር ጠጋኝ ነው፣ ሰባ ሁለት ዓመቱ፣
ሽቦ የጫረው እጁ፣ ፀሐይ የጠበሰው ፊቱ።
አንድ ማለዳ የጎማ ዱካ አየና
ተከትሎት ሄደ በኮረብታው ጎዳና።
አርባ አንድ ጉድጓድ። ቆጠረ። ደገመ።
እንደ ወለቀ ጥርስ። ዝም ብሎ ቆመ።

አሁን በሩቅ ከተማ፣ መስኮት ሥር፣ በሸክላ፣
ውሃ እየጠጡ ይወፍራሉ፣ ያለ ወግ፣ ያለ መላ፤
ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷም ለብቻ ተሽጣ፣
ዘር ከየት ይምጣ?

አንዲት ቀርታለች፣ እሾሃም ቁጥቋጦ ጉያ፣
ባትሪያቸው ያላያት፣ ከአለቱ ወዲያ።
ሴት ናት። አበባዋ ከምስር ያነሰች።
ንብ መጣች። አረፈች። ባዶ እጇን ተመለሰች።

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ሄንድሪና ግቢ፣
ወንዱ አለ አሉት፣ ከጋጣው አቅራቢ።
እሷና እሱ ግን በአንድ በግ ምክንያት
አይነጋገሩም፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።
እኛ ዘንድ ቢሆን ሽማግሌ ይላካል፤
እሱ ግን ብቻውን በሯን ያንኳኳል።
«ለማን ነው?» አለች። «ለቁልቋሏ» አላት።
ሳቀች፣ እስክታነባ። ያ ነው ያስታረቃት።

የክብሪት ቀፎ ይዞ ተመለሰ፣ ቢጫ ዱቄት ያለበት፤
ተንበርክኮ፣ በጅግራ ላባ ጫፍ፣ ቀባት።
ወተቷ ዓይን ያጠፋል፤ እሱ ግን አልቸኮለም፤
ለሰውም እንዲህ ተጠንቅቆ አያውቅም።

ፍሬው አበጠ፤ ሦስት ክፍል፣ ሦስት ዘር።
የሟች ሚስቱን የሳርኪን ስቶኪንግ አለበሳት፣ ዘሩ እንዳይሰወር።
ሳምንት ጠበቀ። አንድ ቀትር ላይ ግን አነሣው፤
እንጃለት፣ ምን እንዳነሣሣው።

ጧ! አለ ፍሬው። አንዷ ዘር ባርኔጣውን መታች፤
ሁለተኛዋ ከአለት ነጥራ አሸዋ ገባች።
ሦስተኛዋ የት እንዳረፈች አፖሊስ ያውቃል፣
ሄንድሪና ታውቃለች፣ ነፋሱም ያውቃል።

እኔንም ወስደው አሳይተውኛል፤ ሁለት ሸንተረር አውጥታለች፣
ከሸሚዝ ቁልፍ አትበልጥም፣ ግን አለች።
ኮረብታው ስም አለው። አልጽፈውም።
ሌባ ግጥም አያነብም አይባልም።