ቁጥር ዐሥራ አራት

የጦሳ ጉም ገና ሳይገፈፍ ማለዳ፣
ተማሪ ገባልኝ፣ ጥንድ ጥንድ፣ እንደ እንግዳ።
ቁጥር ዐሥራ አራት፣ ከመስታወት ጀርባ፣
«ቃጭል፣ እንጨት፣ ቆላ» ከደብተሩ ገባ።
ቀና ብሎ ያየው አንድም ልጅ አልነበር፤
እኔም የታረምኩት በደብተሬ ነበር።

ቀጥላ ዘይነባ በዝግታ መጣች፣
ከኮምቦልቻ ፈትል ክፍል ጡረታ የወጣች።
ቃጭሉን ዘለለችው። ጋቢው ጋ ተጠጋች፣
ከጥለቱ ይልቅ ጀርባውን ፈለገች፦
«እስኪ አዙርልኝ ልጄ። ፊቱ ለገበያ፤
የሸማኔው ስሕተት፣ እጁ ያለው በዚያ።»

ረፋዱ ላይ መጣ ኡትባን ከበረሃ፣
ብርዱ በሽርጡ ላይ የሚወርድ ውሃ።
ቃጭሉን ሳያይ ፊት እኔ ዘንድ ቆመ፣
እንደ መንገደኛ እጄን ይዞ ሳመ።
«ዳጉ» አለኝ፣ «ዳጉ። በየት በኩል መጣ?
ዝናብ የት አገኘው? ከማን ጉድጓድ ጠጣ?
ስሟ ማነው ግመሏ? እናቷስ ማን ናት?»
ወረቀቷን አየሁ፤
ያ አልተጻፈባት።

«አትንኩ» የሚለውን የጻፍኩት ራሴ፤
ራሴው ከፈትኩት፣ ቁልፉም ከኪሴ።
ነቀነቀው። ድምፁ ደረቅና ዝግ ያለ።
«የኋለኛዋ ነው፣ የመሪዋ አይደል» አለ፤
«ቅፍለት በሌሊት ሲጓዝ፣ ከሁሉ ኋላ፣
ይሄ ዝም ካለ ነው የሚፈራው ቆላ።»

ዘይነባም ከጋቢው ዐይኗን ነቅላ ሰማች፤
ደብተር የረሳች ልጅ በር ላይ ደረሰች፣
ጆሮዋን አዘንብላ፣ ሳትጽፍ ቆመች።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በመስታወት ከለላ፣
ዝም አሰኝቼዋለሁ።